«ጃጁ» ከማለት በፊት፦ የአንጎልን ምስል የማንሣት ታሪክ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ፣ ግራና ቀኙ በነጠላ፣ በጋቢና በሐበሻ ቀሚስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሱቆቹ ኋላ ባሉት መንደሮች፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው የሰፈሩ ሸማኔዎችና የልጅ ልጆቻቸው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልሱ ይውላሉ። የሸማኔ ሙያ የሚለየው በጥለቱ ነው። ጥለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሕንፃ ሥራ በወረቀት ላይ የተነደፈ ፕላን የለውም፤ የቀለሙ ተራ፣ የክሩ ቁጥር፣ የሚነሣውና የሚወድቀው ድር ሁሉ በሸማኔው ራስ ውስጥ ተይዞ እጁ ያነበዋል።

እንግዲህ አንድ አረጋዊ ሸማኔ አርባ ዓመት የሠሩትን ጥለት አንድ ቀን መካከሉ ላይ ሲስቱት እናስብ። መጀመሪያ ቀለም ይሳሳታሉ፤ ቀጥሎ የልጃቸውን ስም በወንድማቸው ስም ይጠራሉ፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ እግራቸው መሬቱን የሙጥኝ ያለ ይመስል መራመድ ያቅታቸዋል። የቤተ ሰቡ ቃል አንድ ነው፦ «አባባ ጃጁ»። ይህ ቃል ምርመራም ፍርድም ነው፤ አንዴ ከተነገረ በኋላ ይግባኝ የለውም። አንዱ ቤተ ሰብ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ጠበል ይወስዳቸዋል፤ ሌላው ወደ ታች፣ ወደ ጉለሌው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያወርዳቸዋል፤ ሌላው ደግሞ «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጣቸዋል።

ነገር ግን መጃጀት በሚባለው አንድ ስም ሥር ብዙ የተለያዩ ሕመሞች ተሸሽገዋል። ከእነርሱ አንዳንዱ እስከ ዛሬ መድኅን ያልተገኘለት ነው፤ አንዳንዱ ግን በአንድ ሰዓት ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ሁለቱን ከውጭ ሆኖ በዐይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ቢሆን አዳጋች ነው። ለመለየት ራስ ቅልን ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። ይህ የማየት ጥበብ የተገኘው በሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ ቢገለበጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመሐንዲሶችና የፊዚክስ ሊቃውንት ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ታሪክ መነሻ በአጋጣሚ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ይነካካል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን በኋላ ስሙ «ራጅ» የተባለውን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው። ይህም በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን የአድዋ ጦርነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896 በኔፕልስ የጦር ሆስፒታል ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቈስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ በሥጋቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ በሕክምና ታሪክ ይጠቀሳል። እንግዲህ አዲሱ ጨረር በጦር ሜዳ ሕክምና መጀመሪያ የፈለገው የኢትዮጵያን አርበኞች ጥይት ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ጥይትና አጥንት ለራጅ ቀላል ናቸው፤ ጨረሩን ስለሚይዙት ጥላቸው ጐልቶ ይወጣል። አንጎል ግን ለስላሳ ነው፤ ከዚያም በላይ በአጥንት ሣጥን ተከድኗል። ተራው ራጅ የሚያሳየው ሣጥኑን እንጂ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አይደለም። ለዚህ ከሽሮ ሜዳ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጥለት ያለው ነጠላ አራት ጊዜ ታጥፎ በፀሐይ ፊት ቢያዝ የአራቱም እጥፍ ጥለት ተደራርቦ አንድ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ የትኛው ጥለት በየትኛው እጥፍ ላይ እንዳለ ከጥላው ማወቅ አይቻልም።

በዚህ ምክንያት የአእምሮ መድከም ሕመም ለረጅም ዘመን የሚታወቀው ከሞት በኋላ ብቻ ነበር። አሎይስ አልዝሃይመር የተባለው ሐኪም አውጉስተ ዴተር የምትባለውን ሕመምተኛ በፍራንክፈርት ያገኛት እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ ሴትዮዋ ገና 51 ዓመቷ ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ ምልክቶች አየ። በዚያው ዓመት በቱቢንገን ከተማ ለባልደረቦቹ ሲያስረዳ ጥያቄ ያነሣ ሰው አልነበረም ይባላል። ሕመምተኛዋ በሕይወት ሳለች ግን እርሱም እንደ ማንኛውም ሰው ሁኔታዋን አይቶ ከመገመት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

በሕይወት ያለውን ሰው አንጎል ለማየት የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ጭካኔ ያልተለየው ነበር። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዎልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1919 በአንጎል ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ያለውን ፈሳሽ እያወጣ በምትኩ አየር ማስገባት ጀመረ። አየር ጨረሩን ስለማይይዝ የክፍተቶቹ ቅርጽ በራጅ ላይ ጐልቶ ይታያል። ሕመምተኛው ግን በብርቱ ራስ ምታትና በማስታወክ ይሠቃይ ነበር። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ ጨረር የሚይዝ ፈሳሽ በደም ሥር እየረጨ የአንጎልን ደም ሥሮች አነሣ። ሁለቱም ዘዴዎች አንጎሉን በቀጥታ አላሳዩም፤ በዙሪያውና በውስጡ ያለውን ክፍት ቦታ አሳይተው የቀረውን ለግምት ተዉት። ቢሆንም ከሃምሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ የዓለም ሐኪሞች በእነዚህ ሠርተዋል።

በዚህ አስቸጋሪ ዘዴ እንኳ ታላቅ ነገር ተገኝቶበታል፤ ያገኘውም ከሀብታም አገር የመጣ ሰው አልነበረም። ሰሎሞን ሐኪም የኮሎምቢያ ተወላጅ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የኤሌክትሪክና የፊዚክስ ፍቅር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1957 በቦጎታ በመኪና አደጋ የተጐዳ የ16 ዓመት ልጅ አጋጠመው። የልጁ የአንጎል ክፍተቶች በጣም ሰፍተዋል፤ የፈሳሹ ግፊት ሲለካ ግን እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ነው። ጥቂት ፈሳሽ ሲቀዳለት ከሰመመኑ ነቅቶ መናገር ጀመረ። ግፊቱ ጤነኛ ከሆነ ፈሳሹን መቅዳት ለምን ጠቀመው? ሐኪም መልሱን ያገኘው ማንኛውም የምሕንድስና ተማሪ በአንደኛ ዓመት በሚማረው በፓስካል ሕግ ነው፦ ኃይል ማለት ግፊት በስፋት ሲባዛ ነው። ክፍተቱ አንዴ ከሰፋ በኋላ ያው ግፊት በሰፊ ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ አንጎሉን የሚጫነው ኃይል ይበዛል። ይህ በ1965 ታተመ። ሐኪም በዚህ አላቆመም፤ ፈሳሹን በተወሰነ ግፊት ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭም ነድፎ ሠራ።

የዚህ ሕመም ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ እግር ከመሬት የተጣበቀ ይመስል መራመድ መቸገር፣ መርሳት፣ ሽንት መቈጣጠር አለመቻል። ከላይ የተጠቀሱትን የሽሮ ሜዳ አረጋዊ ያስታወሰ አንባቢ «ጃጁ» የሚለው ፍርድ ምን ያህል ችኩል ሊሆን እንደሚችል ይረዳል።

አንጎሉን ራሱን በቀጥታ ማየት የተቻለው ግን ጥላን ከአንድ አቅጣጫ ከማንሣት ይልቅ ከብዙ አቅጣጫ አንሥቶ በሒሳብ መፍታት ሲታሰብ ነው። ከታጠፈው ነጠላ ዙሪያ ተዙሮ ጥላው ከየማዕዘኑ ቢመዘገብ፣ በእያንዳንዱ እጥፍ ያለውን ጥለት መልሶ ማግኘት ይቻላል። ሒሳቡን ዮሐን ራዶን የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1917 አስቀድሞ ፈትቶት ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን የጠየቀ አልነበረም። ሥራውን ለሕክምና ያሰበው በአፍሪካ ምድር የነበረ ሰው ነው። አለን ኮርማክ በጆሃንስበርግ የተወለደ የፊዚክስ መምህር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕታውን ግሩተ ሹር ሆስፒታል የጨረር ሥራ እንዲቈጣጠር በሳምንት ጥቂት ጊዜ ተመደበ። በዚያም ሐኪሞቹ የአካልን ውስጥ ሁሉ አንድ ወጥ አድርገው እንደሚያሰሉ አይቶ ነገሩን ማብሰልሰል ያዘ። የራዶንን ሥራ ሳያውቅ ሒሳቡን ራሱ ፈትቶ በአሉሚኒየምና በእንጨት ምሳሌ ሞከረው፤ በ1963 እና በ1964 አሳተመው። ምላሽ የሰጠው ሰው ከቍጥር የሚገባ አልነበረም። ከጥቂቶቹ ጠያቂዎች አንዱ የስዊስ የበረዶ ናዳ ምርምር ጣቢያ ነበር፤ በተራራ ላይ የተቈለለውን በረዶ ውፍረት ለመገመት ይረዳ እንደ ሆነ ብሎ ነው።

ጎድፍሪ ሐውንስፊልድ ደግሞ የኮርማክን ጽሑፍ ሳያይ እዚያው ደረሰ። የገበሬ ልጅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የለውም፤ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳር ባለሙያ ነበር። ኢ.ኤም.አይ. በሚባለው ኩባንያ ተቀጥሮ በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ ኮምፒዩተር ከሠሩት መሐንዲሶች መሪው እርሱ ነው። ኩባንያው የቢትልስን ሸክላ የሚያሳትመው ስለ ነበር «ሲቲ ስካን የተሠራው በቢትልስ ገንዘብ ነው» የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ወሬው ደስ ይላል፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤትም ገንዘብ እንዳወጣበት መዘንጋት አይገባም።

የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ሙከራ አንድ ናሙና ለማንሣት ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ኮምፒዩተሩም ስሌቱን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደበት። በሆስፒታል የተተከለው መሣሪያ ከ180 ማዕዘን፣ በእያንዳንዱ ማዕዘን 160 ጊዜ ይለካ ነበር። ይህ 28,800 ልኬት ነው። ከዚህ የሚወጣው ሥዕል 80 በ80፣ ማለትም 6,400 ነጥብ ያለው ነው። እንግዲህ ለ6,400 ያልታወቁ ቍጥሮች 28,800 እኩልዮሽ ቀረበ ማለት ነው። ድርና ማጉ በዚህ ዐይነት ተጠላልፎ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የአንዲት ሴት አንጎል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በግንባሯ በኩል የተጠረጠረው ዕጢም ተገኘ። ኮርማክና ሐውንስፊልድ በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ሁለቱም የሕክምና ዶክተር አልነበሩም።

ይህ መሣሪያ ለመጃጀት ጥያቄ ያመጣው መልስ በአንድ ምሳሌ ቢታይ ይበቃል። አንድ አዛውንት ወደ ጓዳ ሲገቡ ግንባራቸው ከመቃኑ ይጋጫል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቅቤ ይቀባሉ፤ ይረሱታል። በእርጅና አንጎል ትንሽ ስለሚኰማተር ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ደም ሥሮች ተወጥረው ይኖራሉ፤ በዚያ ግጭት አንዱ ይበጠሳል። ደሙ በቀን ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀምና አንጎሉን ወደ ጐን ይገፋዋል። ከወር በኋላ አዛውንቱ ያንቀላፋሉ፤ ይዘባርቃሉ፤ ይረሳሉ። ግጭቱን የሚያስታውስ ሰው የለም። በሲቲ ስካን ግን ጉዳዩ በጥቂት ደቂቃ ይለያል። በሐውንስፊልድ ስም በሚጠራው መለኪያ ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ሲሆን፣ ጤነኛ አንጎል ከ30 እስከ 40፣ አዲስ የፈሰሰ ደም ደግሞ ከ60 እስከ 80 ገደማ ነው። ስለዚህ አዲሱ ደም ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሳምንታት በኋላ ደሙ እየሟሟ ሲሄድ ቍጥሩ ይወርዳል፤ በመንገዱም ላይ ከአንጎሉ ቍጥር ጋር የሚተካከልበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ደሙ ከአንጎሉ ጋር አንድ መልክ ይይዝና ያልሠለጠነ ዐይን ሊያልፈው ይችላል፤ የሠለጠነው ግን የአንጎሉ እጥፋቶች ከአጥንቱ መራቃቸውን አይቶ ያውቀዋል። ሕክምናው በራስ ቅል ላይ አንድ ወይም ሁለት ቀዳዳ ከፍቶ ደሙን ማፍሰስ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራቸው የሚመለሱ አሉ።

በአገራችን ደግሞ በዚህ ላይ ሌሎች ሊድኑ የሚችሉ ምክንያቶች ይጨመራሉ፦ በሳንባ ነቀርሳ ጀርም በአንጎል ውስጥ የሚፈጠር እብጠት፣ ኤች አይ ቪ በሰውነት ሲበረታ የሚከተሉ የአንጎል ልክፈቶች፣ ዕጢ። (ብዙ ሰው በጥሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ወደ አንጎል ይወጣል ብሎ ይፈራል። ከበሬ ሥጋ የሚገኘው የኮሶ ዐይነት አንጎል አይገባም፤ የሚገባው ከአሳማ የሚገኘው ነው።)

ከሲቲ በኋላ የመጣው ኤም አር አይ ጨረር የለውም፤ በሰውነት ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን በብርቱ ማግኔት አሰልፎ በራዲዮ ሞገድ ያናግረዋል። ፖል ላውተርበር በ1973 የመጀመሪያውን ሥዕል አሳተመ፤ ፒተር ማንስፊልድ ሒሳቡንና ፍጥነቱን አሻሻለ፤ በ2003 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በዚህ መሣሪያ ለትውስታ ዋና የሆነው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በአልዝሃይመር በሽታ ሲኰማተር በየዓመቱ መለካት ተቻለ። ፔት የተባለው ሌላው መሣሪያ ደግሞ አንጎሉ ስኳር የሚያቃጥልበትን ቦታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን ኡፕሳላ አልዝሃይመር በማይክሮስኮፕ ብቻ ያየው የፕሮቲን ክምችት በሕይወት ባለ ሰው ራስ ውስጥ በፔት ታየ፤ ከ1906 እስከዚያ 96 ዓመት አልፎ ነበር። ፔት ግን የጊዜ ባሪያ ነው። የሚጠቀምበት ፍሎሪን 18 ኃይሉ በ110 ደቂቃ፣ ካርቦን 11 ደግሞ በ20 ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል። የሚያመርተው ሳይክሎትሮን ከሆስፒታሉ እምብዛም መራቅ የለበትም። ከመገናኛ እስከ ሽሮ ሜዳ በሥራ መውጫ ሰዓት የተጓዘ ሰው የ20 ደቂቃን ትርጉም ያለ ሒሳብ ያውቀዋል።

ሥዕሉ ራሱ ደግሞ ሁሉን አያውቅም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረና 678 መነኮሳይያት በተሳተፉበት ጥናት፣ አንዲት መነኵሲት በ101 ዓመታቸው እስኪሞቱ ድረስ የአእምሮ ፈተናውን በሚገባ ይመልሱ ነበር፤ አንጎላቸው ሲመረመር ግን የአልዝሃይመር ምልክት ሞልቶበት ተገኘ። ስለዚህ ሥዕልና ሰው ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፤ የሰውየው አኗኗር ጐን ለጐን መጠየቅ አለበት። የሚጠየቅበትም መንገድ ቢሆን ከሌላ አገር የተቀዳ ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ ሸማኔ እርሳስ ይዞ ሥዕል እንዲገለብጥ ታዝዞ ቢያቅተው የወደቀው ሸማኔው ነው ወይስ ፈተናው? ጥለቱን እንዲያሳይ ቢጠየቅ የበለጠ በተናገረ ነበር።

በኢትዮጵያ የነርቭ ሕመም ጥናት ምስል ባልነበረበት ጊዜ በእግር ተሠርቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰው አጣርተው የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰው በ5.2 ላይ እንደሚገኝ አስታወቁ። ያ ጥናት በየትኛውም ምስል አልታገዘም፤ ዋጋው ግን እስከ ዛሬ አልቀነሰም። ለአእምሮ ሕመም ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ልዩ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምስሉን የሚያነብና ቀዳዳውን የሚከፍት ሰው ከሌለ መሣሪያው ውድ የሆነ ፎቶግራፍ ቤት ነው።

መሣሪያውስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በ16 ድሃ አገሮች የተደረገ ቈጠራ ከ112,000 በላይ የሕክምና ዕቃዎችን አይቶ 38 በመቶው ከሥራ ውጭ ሆኖ አገኘው። የተሰጠው ምክንያት የሠለጠነ ሰው ማጣት፣ የአስተዳደር ጕድለትና የመብራት ነገር ነው። ሦስቱም ከሕክምና ይልቅ የማኅበራችን አባላት ጉዳይ ናቸው። የሲቲ ራጅ ቱቦ ከ100,000 ቮልት በላይ የሚሸከም ሲሆን፣ በመብራት መለዋወጥ ይጐዳል። የሽሮ ሜዳ ከፍታ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ መሣሪያ የማቀዝቀዝም ሆነ ከፍተኛ ቮልት የማገድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በጠረፍ ከተማ የተሠራ ዕቃ እንዳለ ሲተከል ይህ መታሰብ አለበት። የተለመደው የኤም አር አይ ማግኔት ደግሞ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂልየም ውስጥ ይኖራል። ሂልየሙ ከተነነ ማግኔቱ ብረት ብቻ ይሆናል፤ የሚሞላውም ከባሕር ማዶ መጥቶ ነው። የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት በአዲስ አበባና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች መሰጠቱ ለዚህ የመጀመሪያው መልስ ነው።

ሌላው መልስ ከጎረቤት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2022 በኡጋንዳ ምባራራ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኔዘርላንድና ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር፣ ሂልየም የማይፈልግ ኤም አር አይ ተገጣጠመ። ማግኔቱ ብዙ ትንንሽ ቋሚ ማግኔቶችን በቀለበት ደርድሮ የተሠራ ነው፤ ኃይሉ 0.05 ቴስላ ገደማ፣ ማለትም በትልልቅ ሆስፒታሎች ከሚገኘው ከ1.5 ቴስላው 30 ጊዜ ያነሰ ነው። የታሰበው በአንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ ለተጠራቀመባቸው ሕፃናት ነበር። ክፍሎቹ በሣጥን ተልከው እዚያው የተገጠሙት በ11 ቀን ነው። የሚያወጣው ሥዕል ደብዛዛ ነው፤ ትንሿን ዕጢ ወይም የሂፖካምፐስን መኰማተር አያሳይም። በቦጎታው ሐኪም ዘንድ ልጁን ያዳነው ልኬት፣ የፈሳሹ ክፍተት ስፋት፣ ግን በግልጽ ይነበብበታል።